ዝግመተ ለውጥ መሰላል ነውን?



በክፍላችን ስለ ዝግመተ ለውጥ በተነጋገርን ቍጥር አንድ አሳብ ይደጋገማል። ይኸውም ፍጥረት ሁሉ ዘመን በረዘመ መጠን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ይወጣል፤ ሰውም ከመሰላሉ ጫፍ ተቀምጧል የሚል ነው። አሳቡ የቆየ ነው፤ ፈረንሳዊው ላማርክ በ1809 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንስሳት ከቀላል ወደ ውስብስብ የመውጣት ዝንባሌ አላቸው ብሎ ነበር።

እኛ ግን ይህን ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የኮሶ ትል ይበቃናል። (በበዓል ቀን ስሙን በማንሳታችን ወላጆቻችን አይቀየሙን።) ኮሶ ከጠፍጣፋ ትሎች ወገን ነው። በወንዝና በባሕር ራሳቸውን ችለው የሚኖሩት ዘመዶቹ አፍና ሆድ አላቸው፤ ብዙዎቹም ብርሃንን የሚለዩ ዓይኖች አሏቸው። የኮሶም የጥንት አባቶች አፍና ሆድ ነበራቸው። እርሱ ግን ዛሬ አፍም፣ ሆድም፣ ዓይንም የለውም። በራሱ ላይ ባሉት 4 መጣበቂያዎች ከሰው አንጀት ተጣብቆ፣ ሌላው የፈጨውን ምግብ በገላው ይመጣል። ከጥሬ የበሬ ሥጋ ጋራ የሚገባው ዓይነት ርዝመቱ ብዙ ሜትር ይደርሳል፤ እያንዳንዱ የጎለመሰ ቍራጭ የወንድም የሴትም የመራቢያ ክፍል ስላለው እንቍላሉን በብዙ ሺሕ ያፈራል።

ታዲያ ይህ መውጣት ነው ወይስ መውረድ? ዓይንን ብንቈጥር ወርዷል፤ ዘሩን ብንቈጥር ማን ይስተካከለዋል! ዳርዊን በ1859 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ ያስረዳው የተፈጥሮ ምርጫ ይህን አይጠይቅም። የሚለየው በዚያ ስፍራ ኖሮ የሚራባውን ብቻ ነው። በሜክሲኮ ዋሻዎች የሚኖረው ዓሣም እንደዚሁ ነው፤ የወንዝ ወገኖቹ ሲያዩ፣ የእርሱ ዓይን ገና በፅንስነቱ መፈጠር ጀምሮ ይከስማል።

ነገሩ የትልና የዓሣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት ነበር። ነገር ግን መሰላሉ ለሰውም ተተክሏል። ጀርመናዊው ኤርንስት ሄከል በ1868 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ልጅ በዘር ከፋፍሎ፣ አውሮፓውያንን ከላይ፣ ጥቍር ሕዝቦችን ከታች አስቀመጠ፤ ይህንንም በዝግመተ ለውጥ ስም አደረገው። ሆኖም ዛሬ በሕይወት ያለ ሕዝብ ሁሉ ከጋራ አባቶቹ ወዲህ ያለፈው ዘመን እኩል ነው። እንግዲህ አንዱ ሕያው ሕዝብ ለሌላው ሕያው ሕዝብ የቀድሞ እርከን የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

አሁን ጥያቄያችሁን ለመቀበል ተዘጋጅተናል።