የጠረጴዛ ላይ ምድር ባቡር



የመሥሪያ ቤት ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው በወረቀት መካከል ነው። ደብዳቤ ይጽፋል፤ ማኅተም ያስመታል፤ መዝገብ ይከፍታል፤ መዝገብ ይዘጋል። ይህ ሥራ የተከበረና ለመንግሥትም ለሕዝብም የሚያስፈልግ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ በተለይም እንደ ደብረ ታቦርና እንደ ገሳይ ባሉት የደጋ ከተሞች ማታው ሲበርድና ጎዳናው ጭር ሲል፣ ቀሪው ጊዜ በምን ይለፍ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። አንዱ በጨዋታ፣ አንዱ በንባብ፣ አንዱም በመጠጥ ቤት ያሳልፈዋል። እኔ ዛሬ ልናገርለት የተነሣሁት ጉዳይ ግን በእኛ ዘንድ እምብዛም ያልተለመደ ነው። ይኸውም በጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ የሚሄዱትን አሮጌ የባቡር አምሳያዎች ጠግኖ እንደገና የማስኬድ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው።

«የባቡር ፉጨት ተሰምቶ በማያውቅበት ደጋ ተቀምጠን ስለ መጫወቻ ባቡር ምን ያናግረናል?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴንም አስቀድሜ ላስታውቅ። ቆሞ የነበረን መኪና በገዛ እጁ ፈትቶ፣ ጠርጎና አስተካክሎ ያስኬደ ሰው፣ መኪናውን የሠራውን እጅ ማክበር ይማራል። ይህ ክብር ደግሞ እኛ፣ ከሁሉም ይልቅ በደብረ ታቦር ዙሪያ የምንኖረው፣ ለባለ እጆች ሳንከፍል ያቆየነው ዕዳ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በጀርመን አገር ጎፒንገን በምትባል ከተማ ሜርክሊን የተባለው ቤት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ሲቋቋም የሚሠራው ለአሻንጉሊት ወጥ ቤት የሚሆን የቆርቆሮ ዕቃ ነበር። በ1891 ግን በላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ላይ በሞላ የሚሄድ ባቡር ከነሐዲዱ አቀረበ። የሐዲዶቹንም ስፋት በቍጥር ስለ ወሰነ፣ ዘንድሮ አንድ ባቡር የገዛ ሰው ለከርሞ ከዚያው ጋር የሚስማማ ሐዲድና ፉርጎ እየጨመረ መሄድ ቻለ። በአሜሪካ ላዮኔል በ1900 ተመሠረተ፤ በእንግሊዝ አገርም ፍራንክ ሆርንቢ በ1920 በሞላ የሚሄዱ ባቡሮች ማውጣት ጀመረ። ዛሬ ሰብሳቢዎች አሮጌ ብለው እየፈለጉ ከሚጠግኗቸው ባቡሮች ብዙዎቹ የእነዚህ ቤቶች ሥራዎች ናቸው።

የእነዚህ ባቡሮች ታላቁ ሕግ ልክ ነው። እጅግ የተስፋፋው ልክ ኤች ኦ የሚባለው ሲሆን፣ በእርሱ ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ በዓለም መደበኛ የሆነው የ1435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በጠረጴዛ ላይ 16 ተኩል ሚሊ ሜትር ይሆናል። አሮጌው የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር ግን ስፋቱ አንድ ሜትር ስለ ነበረ ለእርሱ አምሳያ የሚስማማው የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ይህን ሁሉ በተባለው ልክ አሳንሰን እንዘርጋው ብንል እንኳ 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገናል፤ ይህም ሁለት ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ነው። ስለዚህ የአምሳያው ባለቤት አንድ ጣቢያ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ መታጠፊያ ይመርጣል። ለመምረጥም አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ጥገናው እንምጣ። ብዙ ዓመት በሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት የኖረ ባለ ኤሌክትሪክ ባቡር በእጅዎ ገባ እንበል። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ወዲያውኑ ከኤሌክትሪክ ጋር አለማገናኘት ነው። የቀድሞው ዘይት ደርቆ እንደ ሙጫ ስለሚይዝ፣ ሞተሩ በግድ ሲገፋ ጥምጥሙ ይቃጠላል። አብሮት የተገኘው አሮጌ ትራንስፎርመር ደግሞ የሽቦው ልባስ ተሰነጣጥቆ ከሆነ የቤቱን 220 ቮልት ወደ ሐዲዱ ሊያሳልፍ ይችላልና፣ ለሕይወት አደገኛ ነው። እርሱን ትቶ በአዲስ መተካት ይገባል። ብዙዎቹ ባለ ሁለት ሐዲድ ባቡሮች የሚፈልጉት 12 ቮልት ብቻ ነው።

ቀጥሎ መፍታት ይመጣል። ከመፍታት በፊት የእያንዳንዱን ብሎን ቦታ በወረቀት ላይ ይሣሉ፤ ወይም ፎቶግራፍ ያንሡ። ብሎኖቹንም እንደ አወጣጣቸው ተራ በሳሕን ላይ ይደርድሩ። ይህን ያላደረገ ሰው መጨረሻ ላይ አንድ ብሎን ተርፎት ሲደነቅ ይገኛል። ከዚያም ጥርሳም መዘውሮቹን በጥጥና በአልኮል ጠርገው የደረቀውን ዘይት ያስወጡ። በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው የመዳብ ቀለበት በካርቦን ጥላሸት ይጠቁራል፤ እርሱም በአልኮል ይጸዳል። ቀለበቱን የሚነኩት ሁለቱ የካርቦን ቍራጮች አልቀው እንደ ሆነ ይተካሉ። በመጨረሻም በእያንዳንዱ ጋድሚያ ላይ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። ዘይት በዛ ማለት አቧራ ተጠራ ማለት ነው። ሐዲዱን በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉት፤ ጭረቱ ቆሻሻ ይሰበስባልና በጨርቅና በአልኮል ይወልውሉት።

በዚህ ሥራ የበሰሉ ሰዎች ሁለት ነገር ያስጠነቅቃሉ። አንደኛው፣ ሊመለስ የማይችል ነገር እንዳይደረግ ነው። የድሮው ቀለም ቢያረጅም የሠሪው እጅ ምልክት ስለ ሆነ ፍቆ በአዲስ መቀባት ጥገና ሳይሆን ማጥፋት ይሆናል። ሁለተኛው፣ የማይድን በሽታ መኖሩን ማወቅ ነው። በተለይ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት ከዚንክ ቅይጥ ከተሠሩት ክፍሎች አንዳንዶቹ፣ ጥቂት እርሳስ ተቀላቅሎባቸው በመቅረቱ፣ ከውስጥ እየተሰነጠቁ ይፈረፈራሉ። ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ ክፍሉን በአዲስ ማፍሰስ ወይም ቀርጾ መተካት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ የሚያስደስተው ፍጥነቱ ሳይሆን ዝግታው ነው። በደንብ የተጠገነ ሞተር ፉርጎዎቹን ሳይነጥር፣ ሳይዘል፣ እንደ ቀስተኛ በቅሎ ይዞ ይነሣል። ከዚያም ወዲህ በየጊዜው ማስኬድ ያስፈልጋል። ዝም ብሎ የተቀመጠ መኪና ዘይቱ ይደርቃል፤ ደኅንነቱ በመሄዱ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል ወደሚለው እንመለስ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ባደረጉበት ዘመን፣ ከከተማው በማይርቀው በጋፋት፣ ዋልድማየርንና ጓደኞቹን የመሰሉ አውሮፓውያን ባለ እጆች ከአገር ልጆች ጋር ሆነው መድፍ ያፈሱ ነበር። ከሥራቸው ሁሉ ታላቁ ሴባስቶፖል የተባለው 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ በጋይንት ደጋ በኩል፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ አሻግረው፣ መቅደላ ያደረሱት በመጋቢት ነበር። መንገዱ አስቀድሞ አልተሠራም ነበርና እየተሠራ ይኬድ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ዛሬ ከደብረ ታቦር በገሳይ አድርጎ ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄድ መንገደኛ ያንን ደጋ ከመኪናው መስኮት አሻግሮ ሲያይ ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

በዚያው በ1860 ዓ.ም. ደግሞ ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ሠራዊት፣ ከህንድ ባስመጣው ሐዲድና ባቡር፣ ከዙላ ወደብ እስከ ኩማይሌ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መስመር ዘርግቶ ስንቁንና ጓዙን አመላለሰበት። ጦርነቱ ሲያበቃም ነቅሎ ወሰደው። መድፋቸውን በሰው ጫንቃና ክንድ ያስጐተቱት ንጉሥ፣ ባላጋራቸው በሐዲድ ሲመጣባቸው ያየ ሰው የእጅ ጥበብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሌላ አስረጂ አያስፈልገውም።

ነገር ግን ልብ እንበል። የጋፋትን አውሮፓውያን ስም መጻሕፍት ሲያነሡ፣ አብረዋቸው ወናፍ የነፉትና ብረት የቀጠቀጡት ያገር ልጆች ስም እምብዛም አይነሣም። ምክንያቱም ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ»፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያለ የሚሰድብ ልማድ በአገሩ ነግሦ ስለ ነበረ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛውን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ዐዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ግን ልጁ መሐንዲስ ሲባል ደስ የሚለው፣ ብረት በያጅ ሲባል የሚያፍር አባት አይታጣም።

አሁን በዘመናችን እየጠፋ ስላለው ነገር ልናገር። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት የተጀመረው ምድር ባቡር፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ 2300 ሜትር ያህል ወጣ ማለት ነው። በመጀመሪያ በእንፋሎት፣ ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ደግሞ በናፍጣ ይጐተት ነበር። «ለገሀር» እና «ፉርጎ» የተባሉትን ቃላት ከፈረንሳይኛ ያመጣልን እርሱ ነው። የድሬዳዋ የጥገና ፋብሪካ ሠራተኞችም መለዋወጫ ከውጭ ሳይመጣ ሲቀር በገዛ ማሽናቸው እየቀረጹ ባቡሩን ለብዙ ዓመታት አኖሩት። ሆኖም ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መደበኛው ጉዞ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በሌላ ሐዲድ ይሄዳል። አዲሱ መምጣቱ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን የአሮጌውን ባቡር ጠባይ በእጃቸው የሚያውቁት ሰዎች ጡረታ እየወጡ፣ እያለፉም ናቸው። የእነርሱ ዕውቀት በመዝገብ ቤት አልተቀመጠም፤ በጣታቸው ጫፍ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ዕውቀት በጊዜው ከተያዘ ምን እንደሚያደርግ በጎረቤት አገር ታይቷል። ከምጽዋ እስከ አስመራ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የኤርትራ ምድር ባቡር በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ውሎ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ሲዘረጋ፣ አሮጌዎቹን የእንፋሎት መኪናዎች ያስነሡት ከጡረታ የተጠሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። መስመሩም በ1995 ዓ.ም. እንደገና አስመራ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከመጠራታቸው በፊት ሌላ ሃያ ዓመት አልፎ ቢሆን ኖሮ ማን ያስነሣው ነበር?

የባቡር አምሳያ ሠሪ በዚህ ረገድ ከታሪክ ጸሐፊ አያንስም። አንዱን የድሬዳዋ ፉርጎ በ87 ጊዜ አሳንሶ ለመሥራት የተነሣ ሰው፣ ቀለሙ ምን ነበር፣ በሩ ወዴት ይከፈታል፣ መንኰራኩሩ ስንት ነው፣ ፍሬኑን ማን ይይዝ ነበር ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ለመጠየቅም የቀድሞውን ሠራተኛ ፈልጎ አጠገቡ መቀመጥ አለበት። ሲመልስለትም ይጽፋል፤ ይሥላል። እንዲህ ሲል በመዝናናት የተጀመረው ሥራ ሳይታሰብ ማኅደር ይሆናል። ዋናው ሴባስቶፖል በመቅደላ ሳለ አምሳያው በአዲስ አበባ አደባባይ የቆመው፣ አምሳያ ትውስታን ለመሸከም የሚችል መሆኑን አባቶች ስላወቁ ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንደኛው «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው» የሚል ነው። ልጅ ባቡሩ ሲሄድ ይደሰታል፤ ለምን እንደ ቆመ የሚመረምር ግን አዋቂ ነው። ሁለተኛው «ዋጋው ከደመወዛችን በላይ ነው» የሚል ሲሆን፣ ይህ እውነትነት አለው። ከውጭ የሚመጣ አሮጌ ባቡር ርካሽ አይደለም። ነገር ግን ትምህርቱ በባቡር ብቻ አይገኝም። በየቤታችን ማዕዘን ቆሞ የቀረ የስፌት መኪና፣ የማይናገር ራዲዮ፣ የማይቈጥር የግድግዳ ሰዓት ሞልቷል። በካቻቪቴ፣ በጥጥ፣ በአልኮልና በትዕግሥት ከእነዚህ በአንዱ መጀመር ይቻላል። ባቡሩንም ራሱን ከእንጨትና ከቆርቆሮ፣ ልኩን ጠብቆ፣ ቤት ውስጥ መሥራት የማይቻል አይደለም።

ስለዚህ ለእናንተ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች የማቀርበው ምክር አጭር ነው። በሳምንት አንድ ማታ ለእጅ ሥራ ይሰጥ። ወንድ ልጅዎም ሴት ልጅዎም ከጎንዎ ሆነው ብሎኑን ይደርድሩ፤ የአባታቸው ወይም የእናታቸው እጅ ዘይት ሲነካው ይዩ። ሰፈሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሠሪ ስላልገባችሁ ነገር ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ስትጠይቁትም አንቱ በሉት። በደብረ ታቦር ትምህርት ቤቶችም መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ የለገሀርን ጣቢያና አንድ ሜትር ስፋት የነበረውን ያንን ሐዲድ ቢሠሩ፣ ከጎኑም የጋፋትን ወናፍ ቢያቆሙ፣ ባቡር ያላየው የደጋ ልጅ ከሥዕል የበለጠ ነገር ያያል። ድሬዳዋ ዘመድ ያለውም ሰው፣ በሚቀጥለው ጉዞው አንድ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ አፈላልጎ፣ ሰውየው የሚያውቀውን በደብተር ቢጽፍለት ለሁላችንም ይጠቅማል። ደብተሩ ርካሽ ነው፤ ጊዜው ግን እያለቀ ነው።