የሰያፍ ጎነ ሦስት ፕሪዝም ገጾች ስፋት



የሰያፍ ጎነ ሦስት ፕሪዝም የጎን ገጾች ፓራሌሎግራሞች ናቸው። ስለዚህ ሁለት ተጎራባች ጠርዞች እርስ በርሳቸው ቀጤ ነክ ካልሆኑ ብዜታቸው ስፋት አይሆንም።

ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቦታው ለመንገዱ ሰያፍ በመሆኑ ጣሪያው ሰያፍ ፕሪዝም የሆነ ቤት እናስብ። የአንዱ ተዳፋት ርዝመት 10 ሜትር፣ የጫፍ ጠርዙ 5 ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 50 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለርዝመቱ ቀጤ ነክ የሆነው ወርድ ግን 4.33 ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱም 43.3 ካሬ ሜትር ነው። በሁለቱ ተዳፋቶች ስህተቱ ከ13 ካሬ ሜትር ይበልጣል፤ ባለቤቱ ያለ አግባብ ለቆርቆሮ የሚከፍለው ይህንን ነው።

ለሦስቱም የጎን ገጾች ሕጉ አንድ ነው፦ ፕሪዝሙን ለጎን ጠርዙ ቀጤ ነክ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ የቁራጩን ዙሪያ በጠርዙ ርዝመት አባዙ። የመቀመጫው ዙሪያ ይህንን አይተካም።