የእንቁጣጣሽ ሥዕልና ሁለቱ ዓይን



እኛ የየካ ልጆች ሥዕል የጀመርነው በእንቁጣጣሽ ነው። መስከረም 1 ቀን፥ እንጦጦ አደይ አበባ ለብሶ ሲታይ፥ ፀሐይና አበባ የሣልንበትን ወረቀት ይዘን በየጎረቤቱ እየዞርን ሳንቲም እንቀበል ነበር። ዛሬ ግን አድገናል፤ ሳንቲም የማንቀበልበት አንድ ደጅ አለ።

ከመካከላችን አንዱ ለዚያ ደጅ ካርድ ሲሠራ፥ ዓይኗን ማየት አፍሮ ልጂቱን በጎን፥ በአንድ ዓይን ሣላት። እርሷም አይታ «ምን በደልሁህ?» አለችው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ጻድቁን በሁለት ዓይን፥ ክፉውን ግን በአንድ ዓይን እንደሚሥሉ ዘንግቶ ኖሯል። አሁን ሌላ ካርድ ጀምሯል።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ መሥመራችሁ ቢጣመም ግድ የለም፤ የምትወዱትን ሰው ግን በሁለት ዓይኑ ሣሉት።