ወላጆቻችንን ወደ አሮጌው የባቡር መንገድ እናውጣ



ከአገር ቤት መጥተው ከልጆቻቸው ጋር ስለሚኖሩ እናቶችና አባቶች እንድናገር ስጠየቅ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ሕክምና እንደምናገር የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ እግር መንገድ ነው። እዚህ በሰሜን ቨርጂኒያ በብዙዎቻችን ቤት ልጆች ሁለት ሥራ ይሠራሉ፤ የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ እናት ከኅዳር እስከ መጋቢት ፎቅ ላይ ተቀምጣ በመስኮት የመኪና ማቆሚያ ስታይ ትከርማለች። ጉልበት ይተሳሰራል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ጨዋታም ይቀራል። «ታስሬ ከረምኩ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ከቤታችን ብዙ የማይርቅ አንድ መንገድ አለ። ዋሽንግተንና ኦልድ ዶሚንየን ይባል የነበረው የባቡር መስመር በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሥራውን አቆመ፤ ሐዲዱም ተነቀለ። መሬቱን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ለሽቦው ብሎ ገዛው፤ ቆይቶም የአካባቢው የመናፈሻ ባለሥልጣን ተረከበው። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1974 ፎልስ ቸርች ላይ ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈተ፤ በ1988 ፐርስልቪል ደረሰ። የመናፈሻው ርዝመት 45 ማይል ሲሆን ስፋቱ 100 ጫማ ያህል ብቻ ነው። መሬቱ ተቆራርጦ ለየሰው ተሸጦ ቢሆን ኖሮ ማን መልሶ ይቀጥለው ነበር? የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን ልብ ብትሉት ደስ ይለኛል።

ባቡር ዳገት አይወድም። 100 ሜትር ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሜትር በላይ አይወጣም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን በአፈር ደልድለው፣ ውሃው መንገዱን እንዳይበላ በግራና በቀኝ ቦይ አበጁለት። ያ ለባቡር የተደከመ ድካም ዛሬ ለታመመ ጉልበት ዕረፍት ሆኗል። ከድሬዳዋና ከአዋሽ የመጡ አባቶች፣ ሐዲድ ባይኖርም፣ ገና ሲያዩት የባቡር መንገድ መሆኑን ያውቁታል።

እኔ የምመርጠው ከሊስበርግ እስከ ፐርስልቪል ያለውን 10 ማይል ያህል የገጠር ክፍል ነው። በመጋቢት ሰማዩ ዝቅ ይላል፤ ካፊያው አይቋረጥም፤ ሣሩ ገና አልለመለመም። ብዙ ሰው «ፀሐይ ይውጣና እንሄዳለን» ብሎ እስከ ግንቦት ይቆያል። ይህ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም መንገዱ ጸጥ ብሎ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ኮረብታው በተቆረጠበት ስፍራ ውሃው በጎንና በጎን ሲንጠባጠብ ይሰማል፤ እርጥብ አፈርም እንደ አገር ቤት ይሸታል። ረግረግ ባለበት ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም የማይበልጡ እንቁራሪቶች እንደ ጫጩት ይጮኻሉ፤ ወፍ ናቸው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። በዚያው ረግረግ ውስጥ ጎመን የሚመስል ሰፊ ቅጠል ይበቅላል። አበባው ከቅጠሉ ቀድሞ ይወጣል፤ የራሱ ሙቀት ስላለው በዙሪያው ያለውን በረዶ ያቀልጣል። አሜሪካኖቹም ጎመን ይሉታል፤ ነገር ግን ይገማል፣ አፍንም ያቃጥላል። እናቶች ለወጥ ብለው እንዳይቀነጥሱት አደራ!

«ብርድ ይመታኛል» የሚሉት ነገር ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ከደረቅ ብርድ ይልቅ እርጥበት ያለበት ብርድ የሰውነትን ሙቀት ቶሎ ይወስዳል። ጋቢያችን ጥጥ ስለ ሆነ ውሃ ይጠጣል፤ ከጠጣም በኋላ አያሞቅም። ስለዚህ እናታችን በውስጥ የሱፍ ሹራብ፣ በላይ ውሃ የማያስገባ ካፖርት ትልበስ፤ ጋቢው መኪና ውስጥ ደርቆ ይጠብቃት፤ ስትመለስ ትከናነበዋለች። ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ይያዝ። ጫማው ተረከዙ የማያንሸራትት ይሁን፤ እርጥብ ቅጠልና የድልድይ ሳንቃ ሰው ይጥላሉና።

ስለ ብስክሌተኞቹም ልንገራችሁ። ከኋላ ሲመጡ ደወል ይደውላሉ፣ ወይም በእንግሊዝኛ «በግራህ ነኝ» ብለው ይጮኻሉ። ቋንቋውን የማያውቅ ሽማግሌ ደንግጦ ወደ ግራ ቢዞር አደጋ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት አስተምሯቸው፤ ቀኛቸውን ይዘው በአንድ ረድፍ ይሂዱ፤ ልጅ በግራ በኩል ይሁን።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ማይል ሄዶ መመለስ ይበቃል። በየግማሽ ማይሉ ምልክት ስለ ቆመ መቁጠር አያስቸግርም። በርትተው ወደ ፊት ለሚሄዱት ደግሞ መንገዱ ቀጥ ያለ እንጂ ዞሮ የሚመልስ ስላልሆነ ሁለት መኪና ያስፈልጋል፤ አንዱን ሊስበርግ፣ አንዱን ፐርስልቪል ከአሮጌው ጣቢያ አጠገብ አቁሙ። መኪና ያላችሁና ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የሌላችሁ፣ ከንግግሩ በኋላ በበሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ስማችሁንና ስንት ሰው መጫን እንደምትችሉ ጻፉልን።