ስማችሁን ራሳችሁ ተናገሩ



የደም ዓይነት ኤ፣ ቢ፣ ኤቢና ኦ ይባላል። የቪየናው ሐኪም ካርል ላንድስታይነር በ1901 ሦስቱን ለይቶ ጻፈ። ኦ ለሆነ ሰው የኤ ደም ቢሰጠው፣ በደሙ ያለው መከላከያ የገባውን ያፈርሰዋል፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ይህ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰውና ሰው ሲምታታ ነው። ከእኛ ደግሞ ብዙዎቻችን ሁለት ስም አለን፤ ያገር ቤቱና የዕብራይስጡ። ነርሷ «እገሌ ነህ?» ስትል ማስቸገር ነውር መስሎን «አዎ» እንላለን። አይሆንም! በመታወቂያው ላይ ያለውን ሙሉ ስምና ቁጥር ራሳችሁ ተናገሩ፤ እጃችሁ ላይ ከታሰረው ጋር ታመሳክረው። ደሙ መግባት ሲጀምር ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ወገባችሁን ካመማችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ «ያልፍልኛል» አትበሉ። በአማርኛም ቢሆን ጮክ ብላችሁ ተጣሩ፤ ደሙ ወዲያው መቆም አለበት።