መብራት በጠፋ ጊዜ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሲኒማ ክበብ አባሎች ስም የተነገረ ንግግር)





የምንናገረው ስለ አንድ አሮጌ ፊልምና ፊልሙን ስንመለከት በእኛው ላይ ስለ ደረሰው ነገር ነው። ነገሩ የሚያስመሰግነን አይደለም። ይሁን እንጂ ደብቀነው ከሚቀር ተናግረነው ሁላችንም ብንማርበት ይሻላል ብለን ተስማማን።

ፊልሙ «ብላክአውት» ይባላል። ካናዳና ፈረንሳይ በአንድነት ሠርተው በ1978 ዓ.ም. ያወጡት ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ እንዲህ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ ሌሊት መብራት ሁሉ ይጠፋል። ከእስረኛ መኪና ያመለጡ ወንበዴዎች ወደ አንድ ረጅም ፎቅ ገብተው ነዋሪዎቹን ያሠቃያሉ፤ አንድ ፖሊስም ይጋጠማቸዋል። የፊልሙ ሐሳብ ባጭሩ፥ መብራት ሲጠፋ በሰው ውስጥ የተኛው አውሬ ይነሣል የሚል ነው።

ይህን ፊልም ቅዳሜ ምሽት በዚሁ አዳራሽ እያየን ሳለን የእኛም መብራት ድርግም አለ። በመጀመሪያ ሣቅን። ዘበኛው የእጅ ባትሪ ይዘው እስኪመጡ ድረስ ግን ብዙ ቆየን። መብራቱ ተመልሶ ሲበራ፥ መጽሐፍ መግዣ ላጡ ተማሪዎች የምናዋጣበት ሣጥን ከጠረጴዛው ላይ የለም። ያን ጊዜ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ የሁላችንም ዓይን ወደ ኋላው መቀመጫ፥ ወደ አንድ ልጅ ዞረ። ልጁ በዓመቱ አጋማሽ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ጫማው ያረጀ ነው። ከዚህ በቀር በእሱ ላይ የምናውቀው ነገር አልነበረም። እርሱም ዓይናችንን አይቶ አንድ ቃል ሳይናገር ተነሥቶ ወጣ።

ሣጥኑን ያገኘነው ወዲያው ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በጨለማ ተገፍቶ እንዳይወድቅ ብላ ከጠረጴዛው አንሥታ በጉልበቷ ላይ አስቀምጣው ነበር። ከመካከላችን ሮጦ የልጁን ዱካ የተከተለ ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ከግቢው ወጥቶ ሄዷል።

ፊልሙን አልጨረስነውም። እርስ በርሳችን ግን አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ይኸውም «ፊልሙ የሚለው እውነት ነውን? ጨለማ ሰውን ይለውጠዋልን?» የሚል ነው። ስለዚህ በእርግጥ የሆነውን ለማወቅ መርምረን ያገኘነውን እነሆ እንነግራችኋለን።

ኖቬምበር 9 ቀን 1965 ዓ.ም.፥ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 30 ቀን 1958፥ ማክሰኞ ነበር። በካናዳ አገር በኒያጋራ ፏፏቴ አቅራቢያ፥ ሰር አዳም ቤክ በሚባለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ፥ ሪሌይ የምትባል ጠባቂ መሣሪያ ነበረች። የሪሌይ ሥራ ከመጠን ያለፈ ኃይል ሲመጣ መስመሩ እንዳይጎዳ መቁረጥ ነው። ይህች ሪሌይ ግን መጠኗ ዝቅ ተደርጎ ስለ ተስተካከለች፥ መስመሩ ሊሸከም የሚችለውን ኃይል እንደ አደጋ ቈጥራ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ ቈረጠችው። ወደ ቶሮንቶ የሚሄዱት መስመሮች አምስት ነበሩ። የአንዱ ሸክም በአራቱ ላይ ወደቀ፤ እነርሱም ከብዷቸው ተቈረጡ። መሄጃ ያጣው ኃይል ወደ ደቡብ ወደ ኒው ዮርክ ግዛት ጐረፈ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን በአንዲት ክር ምክንያት ድሩ በሙሉ ተበጠሰ። ኒው ዮርክ ከተማ በ11 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ ጨለመች። መብራት ያጣው ሕዝብ 30 ሚሊዮን ያህል ነበር።

ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ውስጥ 800,000 ያህል መንገደኞች ተያዙ። ነገር ግን ሕዝቡ ምን አደረገ? ተራ ሰዎች በመስቀለኛ መንገድ ቆመው መኪና አሳለፉ። በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ያለው ለጎረቤቱ ወሬ አሰማ። ጨረቃዋም ሙሉ ነበረችና አበራችላቸው። ሌሊቱ በብዙ ቦታ በሰላም ነጋ።

ከ12 ዓመት በኋላ፥ ጁላይ 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ሌላ ሌሊት መጣ። መብረቅ ከከተማው በስተ ሰሜን ያሉትን መስመሮች መታ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ገደማ ከተማው ጨለመ። ያን ጊዜ የሆነው ሌላ ነው። 1,616 ሱቆች ተዘረፉ ወይም ተሰበሩ፤ ከ1,000 የሚበልጥ ቃጠሎ ተነሣ፤ 3,776 ሰዎች ታሰሩ። ያየነው ፊልም የተወለደው ከዚህ ሌሊት ነው።

እንግዲህ ከተማው አንድ ነው፤ ጨለማውም አንድ ነው። ልዩነቱ ከምን መጣ? በ1965 መብራቱ የጠፋው ባለ ሱቁ ከሱቁ ሳይወጣ፥ ሠራተኛው ከሥራው ሳይርቅ ነው። በ1977 ግን ሱቆቹ ተዘግተው ነበር፤ ሙቀቱም ጽኑ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ከተማው በ1975 ከኪሣራ አፋፍ ደርሶ ብዙ ሺህ ሠራተኞችን አሰናብቶ ነበር፤ በድሆች ሰፈር ብዙ ወጣት ሥራ አጥቶ ይንከራተት ነበር። ይህ ዝርፊያን አያጸድቅም። ሆኖም ከ7 ሚሊዮን ከሚበልጠው የከተማ ሕዝብ የሚበዛው አልዘረፈም፤ ፊልሙ ግን ይህን ሕዝብ አያሳየንም። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ከዛፍ ጋር ተነካክተው በተጀመረ ችግር 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት ባጣ ጊዜ፥ የኒው ዮርክ ሕዝብ በድልድዮች ላይ በእግሩ እየተጓዘ ወደ ቤቱ ገባ እንጂ እንደ 1977ቱ አልሆነም።

ስለዚህ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። ጨለማ አዲስ ነገር አይፈጥርም፤ በብርሃን ጊዜ ያዘጋጀነውን ያወጣዋል እንጂ። እኛም በዚያ ምሽት ዓይናችንን ወደ ኋላው መቀመጫ ያዞርነው ጨለማው አስተምሮን አይደለም። ያን ልጅ ለወራት ብቻውን ሲቀመጥ እያየን አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ አልተቀመጥንም ነበር። ጥርጣሬያችን እንደዚያች ሪሌይ መጠኑ ዝቅ ተደርጎ የተስተካከለ ነበርና፥ አደጋ ሳይኖር ወንድማችንን ከመካከላችን ቈረጠው።

ሰኞ ጧት ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ወዲያው አልመለሰልንም፤ ልክ ነበረ። በሦስተኛው ቀን ግን «ፊልሙ እንዴት አለቀ?» ብሎ ጠየቀን። እኛም እንዳልጨረስነው ነገርነው። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኛ ጋር ተቀምጧል፤ ስሙን እንዳንጠራ ስለ ጠየቀን አንጠራውም።

ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፤ መብራት ወደፊትም ይጠፋል፤ ሻማና ክብሪት ማዘጋጀት መልካም ነው። እኛ ግን ከዚህ በፊት ያላዘጋጀነውን፥ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው ማወቅን፥ ገና በብርሃን ሳለን ለመጀመር ቃል እንገባላችኋለን።