መጽሐፍ ለተጨነቀ ልጅ መጠጊያ ስለ መሆኑ

ለሕፃን እናቱ ጥላው፥ አባቱ አጥሩ ናቸው። ጥላው የተገፈፈበት፥ አጥሩም የፈረሰበት ልጅ ግን ወዴት ይጠጋል? ዛሬ ላወሳችሁ ያሰብሁት ለእንዲህ ያለው ልጅ መጠጊያ ስለሚሆን ስለ አንድ ነገር ነው፤ እርሱም መጽሐፍ ነው። ነገሩ ባዶ ምክር ሆኖ እንዳይቀር፥ ይህን መጠጊያ በራሱ ሕይወት ፈትኖ ያወቀውን የአንድ የመስኮብ አገር ደራሲ ታሪክ ምስክር አድርጌ አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዓለም ማክሲም ጎርኪ ብሎ የሚያውቀው አሌክሴይ ፔሽኮቭ በ1868 በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ከተማ ተወለደ። ገና በሦስት ዓመቱ አባቱ በኮሌራ በሽታ ሞተበት፤ እናቱም ይዛው ወደ ወላጆቿ ቤት ገባች። ወንድ አያቱ ጨርቅ በቀለም እየነከረ የሚኖር፥ ቁጡና እጀ ከባድ ሰው ነበር፤ አንድ ቀን ልጁን ራሱን እስኪስት ድረስ ገረፈው። ይሁን እንጂ ልጁ በዚያው ቤት ሁለት በጎ ነገሮችን አገኘ። አንደኛው የሴት አያቱ ተረት ነው። ሁለተኛው ያው ቁጡ አያቱ ያስተማረው ንባብ ነው፤ ንባቡንም የለመደው፥ በአገራችን በቄስ ትምህርት ቤት እንደ ቆየው ልማድ፥ በመዝሙረ ዳዊት ነበር። እንግዲህ የገረፈው እጅ ራሱ የማምለጫውን በር ከፈተለት ማለት ነው።

በ1879 እናቱም ሞተች። በዚያን ጊዜ ልጁ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ አያቱም ከእንግዲህ ወዲህ እንጀራህን ራስህ ፈልግ ብሎ ወደ ሥራ ሰደደው። ከጫማ መደብር ተላላኪነት በኋላ በቮልጋ ላይ በምትመላለስ የእንፋሎት መርከብ ሳሕን አጣቢ ሆኖ ገባ። በመርከቧ ማድ ቤት ስሙሪ የሚባል፥ ቀድሞ ወታደር የነበረ ግዙፍ ወጥ ሠሪ ነበር። ይህ ሰው በብረት የታሠረ ጥቁር ሳጥን ነበረው፤ በሳጥኑም ውስጥ የነበረው መጻሕፍት ነበር። ወጥ ሠሪው ልጁን ከሳሕን አጠባው እያስነሣ፥ ሌሎቹ ሠራተኞች እያጉረመረሙ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብለት ያዝዘው ነበር። የጎጎልን «ታራስ ቡልባ» ባነበቡ ጊዜ ያ ግዙፍ ሰው እንባውን አፈሰሰ። ልጁ በሕይወቱ የሚያውቀው ልቅሶ ከዱላ በኋላ የሚመጣውን ነበር፤ አሁን ግን በወረቀት ላይ የተጻፈ ቃል ብቻውን የጎልማሳ ልብ ሲያንቀሳቅስ አየ። ጎርኪ ዝናው በዓለም ከተሰማ በኋላም ይህን ወጥ ሠሪ እንደ አስተማሪው ቆጥሮ ስሙን በምስጋና አንሥቶታል።

ከመርከቧ ከወረደ በኋላ የሕንፃ ፕላን ነዳፊ በሆነ ዘመዳቸው ቤት አገልጋይ ሆነ። በዚያ ቤት ማንበብ እንደ ጥፋት ይቈጠር ነበር። የባለቤቱ እናት የሆኑት አሮጊት ልጁ ሌሊት ሲያነብ እንዳያድር የሻማውን ርዝመት በስንጥር ይለኩ ነበር። እርሱ ግን የሻማ ጠብታ እየሰበሰበ በሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ መብራት ሠራ፤ በጨረቃ ብርሃን ለማንበብ ሞከረ፤ ከቅዱሳን ሥዕል ፊት በምትበራው ኩራዝ ሥር ቆሞም አነበበ። አንድ ቀን ሳሞቫሩ ተበላሽቶ ሳለ አሮጊቷ ልጁን በጥድ ጭራሮ ደበደቡት፤ ሐኪምም ከጀርባው ከአርባ በላይ ስንጥር አወጣለት። ሐኪሙ ክስ እንዲመሠረት ቢመክረውም ልጁ አልከስም አለ። ስለ ምሕረቱም የጠየቀው ካሣ ገንዘብ አልነበረም፤ ከጎረቤት መጽሐፍ እየተዋሰ እንዲያነብ እንዲፈቅዱለት ብቻ ነበር። ፈቀዱለትም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መጽሐፍ ለእንዲህ ያለው ልጅ ምን ይሰጠዋል? ሕልም አይቶ ኀዘኑን ለጥቂት ሰዓት የሚረሳበት እንቅልፍ ብቻ ነው ወይ? የጎርኪ ታሪክ ከዚህ የበለጠ ያስረዳናል። የፈረንሳዊውን የባልዛክን «ኢዠኒ ግራንዴ» ባነበበ ጊዜ፥ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ንፉግ ሽማግሌ የገዛ አያቱን አስታወሰው። እርሱን ያስጨነቀው ነገር በሩቅ አገርም ያለ፥ የሚታወቅና የሚመረመር የሰው ጠባይ መሆኑን ተረዳ። የሚደበደብ ልጅ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ያስባልና ይህ ትልቅ ነገር ነው። መልካም መጽሐፍ ልጁን ከቤቱ አውጥቶ የሚያስቀር ሳይሆን፥ ወደ ቤቱ ዐይኑን አብርቶ የሚመልስ መጠጊያ ነው።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ መጽሐፍ ብቻውን ሁሉን አያድንም። ጎርኪ በ1884 ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ተመኝቶ ወደ ካዛን ቢሄድም ዕጣው የዳቦ ቤት ሥራ ሆነ፤ በ1887ም ተስፋ ቈርጦ ራሱን በጥይት መትቶ በሕክምና ተረፈ። የመጀመሪያው ታሪኩ በጋዜጣ የወጣው በ1892 ሲሆን፥ የመረጠው የብዕር ስም ጎርኪ ትርጓሜው «መራራ» ነው። ልጅ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ሰውም ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የዚህ ታሪክ ዋና ባለ ሙያ እንደ እኔ አስተያየት ወጥ ሠሪው ነው። የልጁን እናት ሊያስነሣለት፥ አያቱንም ሊያለዝብለት አልቻለም፤ የነበረውን ሳጥን ግን ከፈተለት። በአገራችንም ይህን የመሰለ ሥራ ታይቷል። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2003 በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ተጭነው ወደ ልጆች እንዲሄዱ አደረጉ። ሳጥኑ ጋሪ ሆነ ማለት ነው።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና፥ ሁላችን ጥቂት ጥቂት ብናደርግ ብዙ ልጅ እናተርፋለን። ምናልባት በጎረቤታችሁ ያለ እናት አልባ፥ ወይም በቤታችሁ የምታገለግል አንዲት ልጅ መጽሐፍ ይዛ ጥግ ስታፈላልግ አይታችሁ ይሆናል። ሥራ ፈት ብላችሁ አትቈጧት፤ መብራቱንም አታጥፉባት። ያነበበችውን ጠይቋት፥ አድምጧት፥ ሌላም አውሷት። ዛሬ የምታውሷት አንድ መጽሐፍ ነገ የምትቆምበት መሬት ሊሆን ይችላልና።